ከክላርኔቱ በፊት

የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ የሚያነሡት ሴቶች ለአንድ ደንበኛቸው ስም አውጥተውላቸዋል፤ "ጋሽ ልጠብቅ"። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ሌላው ሰው የሚደውለው ቧንቧው ደርቆ፣ ትዕግሥቱም አብሮ ደርቆ ነው። "ይጠብቁ" ሲሉት ይሳደባል። እኚህ ሰውዬ ግን ገና "ጤና ይስጥልኝ" ሳይባሉ "ግድ የለም፣ ልጠብቅ" ይላሉ። ማንን እንደሚጠብቁ ሲጠየቁ "ቅሬታ ክፍልን" ነው መልሳቸው። ቅሬታ ክፍል ደግሞ ስልክ አያነሣም። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ የለም።

ጋሽ ልጠብቅም ያውቃሉ። የሚደውሉትም ለዚሁ ነው።

ሰውየው ዕድሜያቸውን የፈጁት ኪቦርድ ላይ ነው። በሆቴል አዳራሽ፣ በሰርግ ቤት፣ በትምህርት ቤት የምርቃት መድረክ ላይ፣ ዘፋኙ ከፊት ቆሞ ሲጨበጨብለት እሳቸው ከኋላ ጣታቸውን ሲያሯሩጡ ኖሩ። የማይወዱት ነገር ቢኖር ግጥም ነው። "ሙዚቃው ራሱ እየተናገረ ሰውዬውን ምን ያስለፈልፈዋል?" ይላሉ። ይህንን ለጓደኛ ቢያወሩት ምንም አልነበረም፤ እሳቸው ግን የሚነግሩት ለራሱ ለዘፋኙ ነው። ከየባንዱ እየተባረሩ መውጣታቸው እንግዲህ አያስገርምም።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ የዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ፣ ደንበኛ ስልክ ላይ ሲጠብቅ የሚሰማው ሙዚቃ ሲፈልጉ እሳቸው ዘንድ የመጡትም በዚህ ስማቸው ነው። "ግጥም እንዳይኖረው" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ሰው ሲናደድ ግጥም ውስጥ ነገር ይፈልጋል። ዝም ብሎ የሚፈስ ይሁን።"

"እንደ ውሃ ማለትዎ ነው?"

"የለም" አሉ ሥራ አስኪያጁ ሳይስቁ፤ "የማይቋረጥ።"

ዜማው የተወለደው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ስለነበረና አንደኛው ውስጥ ልጃቸው ስለምታጠና፣ ኪቦርዱ የሚዘረጋው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሚስታቸው ከጠረጴዛው ማዶ ሽንኩርት ትከትፋለች። እሷም የሙያ ሰው ናት፤ በከተማው የማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ትነፋ ነበር። ወሬ ላይ ግን የለችበትም። ከእሷ አፍ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ ማውጣት ነው እያሉ ባልየው ያሾፉባታል፤ "አለቃዬ" ብለው የሚጠሯትም አለቃ ብዙ አይናገርም በሚል ነበር። ጋሽ ልጠብቅ ዜማውን ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ እንደ ደረጃ ወደ ላይ ያወጡታል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያንጠለጥሉትና ዝም ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚገባውን መልስ ለቫዮሊን ሰጥተውት ነበር። ቫዮሊኑን በኪቦርዱ እያስመሰሉ ደጋግመው ሞከሩት፤ አልሆን አለ። አንድ ቀን እሷ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ክላርኔቷን ገጣጥማ መጣችና ከታች፣ ከወፍራሙ ድምፅ ተነሥታ መለሰችላቸው።

"ቫዮሊን አይደለም" አለች። ከዚያ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ዜማው የክላርኔት ሆነ።

በቀረጻው ዕለት ማይክሮፎኑ ለእሷ ትንሽ ቀርቦ ኖሯል። ሁሉም ነገር አምሮ ሄዶ፣ ኪቦርዱ ወጥቶ ወጥቶ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያ ክላርኔቱ ከመግባቱ በፊት ትንፋሿ ተሰማ። ከጀርባ የሚሰበሰብ፣ ረዘም ያለ፣ መጨረሻው ላይ በጥቂቱ የሚያዝ ትንፋሽ። ጋሽ ልጠብቅ አበዱ። "ይደገም! መስኮት የተከፈተ ነው የሚመስለው! ሰው ምን ይለናል?" ድምፅ ቀራጩም ማሽኑን ሊያጠነጥን እጁን ሰደደ። እሷ ግን ክላርኔቷን እየፈታታች ወደ ሳጥኑ ትመልስ ነበር።

"ሰው ነው የሚነፋው" አለች። "ሰው መሆኑን ይስሙ።"

ሳጥኑን ዘጋች። አለቃ ተናገረች፤ ትንፋሹም እዚያው ቀረ። ባልየው ግን ለብዙ ቀን አኮረፉ፤ ሚስትየው ከመጀመሪያውም ስለማትናገር ኩርፊያው ከአዘቦቱ ቀን እምብዛም አልተለየም።

ከቀረጻው ተቀድታ ቤት ውስጥ የቀረችውን አንዲት ካሴት ደግሞ ልጃቸው የጉርምስና ጊዜዋ ሲደርስ የዘፈን ምርጫ ቀዳችባት። ያውም ግጥሙ የበዛ ዘፈን። አባት ቤቱን ቀወጡት። ሚስትየው የዚያን ቀን ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ብዙ ጊዜ አልታየችም። "ምን አስጨነቀህ?" አለቻቸው። "ሲያምረን ውሃ ክፍል እንደውላለን።" እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ላለው ነው።

ልጅቷ አድጋ፣ አግብታ ሌላ ከተማ ሄደች። ሚስትየው በአጭር ሕመም ሞተች። ጋሽ ልጠብቅ ከኪቦርዳቸው ጋር ቀሩ፤ እሱንም በአንሶላ ሸፍነውት የልብስ ማስቀመጫ ሆነ። ጎረቤት መጀመሪያ ሰሞን ይመጣ ነበር፤ በኋላ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ። በቀን ውስጥ ከማንም ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገሩ የሚመሽባቸው ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ድምፃቸው እንዳለ ለማወቅ ያህል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች።

"አባዬ፣ ግፊትህን ተለካህ?"

"ተለካሁ።"

"ስንት ነው አሉህ?"

"ደህና ነው አሉ።"

ከዚያ "በል እሺ" ትላለች።

ፎቶ አላቸው። ፎቶ ግን አይተነፍስም። ድምፅዋን እንዳይሹ፣ መቀረጽ አትወድም ነበር፤ በዚያ ላይ ወትሮም አትናገር። አንድ ቀን ክላርኔቷን ከአልጋ ሥር አውጥተው ሊነፉት ሞከሩ። ኪቦርድ የለመደ ሰው ክላርኔት ሲነፋ ምን እንደሚወጣ መቼም ይታወቃል፤ ጭራዋን የተረገጠች ድመት ነው የሰሙት። መልሰው ሳጥኑ ውስጥ ከተው አልጋው ሥር ገፉትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

አንድ ቀን ታዲያ ቧንቧው ደረቀ። ባልዲያቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ወደ ውሃ ክፍል ደወሉ። የምታነሣው ሴት "ወደ ቅሬታ ክፍል ላስተላልፍዎ፣ ይጠብቁ" አለቻቸው። ሙዚቃው ጀመረ። ረስተውት ነበር፤ ሰው የገዛ ሥራውን እንዲህ ይረሳል ወይ ቢባል አዎ፣ ይረሳል። ደረጃው ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ ሚስታቸው ጆሯቸው ሥር ተነፈሰች።

ባልዲው ከእጃቸው ወደቀ።

"ሃሎ? ሃሎ፣ አባቴ? ቅሬታ ክፍል አያነሡም። ችግርዎ ምንድን ነው? ውሃ ጠፍቶ ነው?"

"ምንም… ምንም የለም ልጄ። ግድ የለም፣ ልጠብቅ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ። ለመደወል ጢማቸውን ይላጫሉ፤ ጃኬት ይለብሳሉ። ከስልኩ አጠገብ ወንበር ስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በነጻው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ የኪቦርዱን ክፍል ይጫወታሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ። ስትተነፍስ አብረዋት ይተነፍሳሉ። ክላርኔቱም ይገባል፤ ድሮ "ሰው ምን ይለናል" ያሉበትን ትንፋሽ አሁን ከክላርኔቱ አስበልጠው ይሰሙታል። ይህ ነው እንግዲህ ከቀኑ ውስጥ የእሳቸው የሆነው ጊዜ። የቀረው ሰዓት ይመሻል እንጂ የሚኖሩበት አልነበረም።

ጠላታቸው ቀልጣፋ ሠራተኛ ነው። አንዷ ኦፕሬተር በተለይ እጇ ፈጣን ነበር፤ ቅሬታ ክፍል እንዳላነሣ ገብቷት፣ ክላርኔቱ ሳይገባ "ይቅርታ አባቴ፣ እስካሁን አላነሡም፤ ይጠብቃሉ?" ብላ ትመለስባቸዋለች። ከተማው ሁሉ ስለ መሥሪያ ቤቱ ዘገምተኝነት ሲያማርር፣ ስለ ፍጥነቱ ያማረሩ ብቸኛው ሰው ጋሽ ልጠብቅ ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ ቀንማ ተአምር ተፈጠረና፣ ልክ ኪቦርዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ "ሃሎ፣ ቅሬታ ክፍል" የሚል የወንድ ድምፅ ገባ።

"ምን ፈልገህ ነው ያነሣኸው?" ብለው ጮኹበት።

"እንዴ! እርስዎ አይደሉ እንዴ የደወሉት?"

"ብደውልስ! በሕይወትህ አንሥተህ የማታውቀውን ስልክ ዛሬ ምን አስነሣህ?"

ለቅሬታ ክፍል ያቀረቡት አንድ እውነተኛ ቅሬታ ይህ ብቻ ነበር።

ድምፁን ለምን አልቀዱትም የሚል አይጠፋም። ልባቸው አላሰበውም አይባልም። የእሳቸው ስልክ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ነው፤ እንዲቀዳላቸው ሰው መለመን ሊኖርባቸው፣ ለሰው ደግሞ ምክንያቱን መንገር ሊኖርባቸው ነው። "የሚስቴን ትንፋሽ ልስማበት" ብሎ ለጎረቤት እንዴት ይነገራል? ያፍራሉ። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ ተቀድቶ ኪሳቸው ከገባ፣ ባሻቸው ሰዓት የሚሰሙት ከሆነ፣ ያልቅብኛል ብለው ፈሩ። መጠበቁን ለምደውታል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሲሉ ቆዩ። ውሃው ይጠፋል እንጂ መሥሪያ ቤቱ የት ይሄዳል!

አንድ ሰኞ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጃኬታቸውን ለብሰው ደወሉ።

"ውድ ደንበኛችን!" አለች አንዲት ሳቂታ ድምፅ። "እኛን መርጠው ስለደወሉ ከልብ እናመሰግናለን!"

ሌላ ውሃ ያለ ይመስል። ጋሽ ልጠብቅ ተሳስቼ ደውዬ ይሆናል ብለው ዘጉና እንደገና ደወሉ። "ውድ ደንበኛችን!" ለክፍያ ይህን ይጫኑ፣ ለአዲስ መስመር ያንን ይጫኑ። ያሏቸውንም ያላሏቸውንም ተጫኑ። ቅሬታ ክፍልም ደረሱ፤ እዚያም "ውድ ደንበኛችን" ናት የምትጠብቃቸው። ደረጃው የለም። ትንፋሹ የለም። እስከ ረፋድ ድረስ ሲደውሉ ቆይተው፣ ስልኩን ሰቅለው በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ።

ከመስኮት ወደ መስኮት እየተመሩ በመጨረሻ የስልክ ቴክኒሻኑ ክፍል ደረሱ። ቴክኒሻኑ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሽቦ ይጠቀልላል። ሰው አክባሪ ነው፤ ሽቦውን ትቶ ተነሣላቸው።

"የድሮው ማሽን የት ሄደ ልጄ?"

"እሱማ ተነቅሎ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተወሰደ።"

"ውስጡ የነበረው ሙዚቃስ?"

"አብሮ ሄዷል አባቴ። ማን ይፈልገዋል ብለን።" ፊታቸውን አየና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ሙዚቃ ከሆነ የፈለጉት ዓይነት አለ እኮ። ክላሲካል ልክፈትልዎ? ለስላሳ?"

"እዚያ ላይ ሰው ነበረች" አሉ ጋሽ ልጠብቅ።

"ማን?"

"ግድ የለም" አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልፈው መሄድ አቃታቸው። ተቀመጡ። ዛሬ ነገ ያሉበትን ቀን ሁሉ ረገሙ። መጀመሪያ ስትሞት ሰው ነበረ፤ መጥቶ አብሯቸው የሚቀመጥ፣ "አይዞዎት" የሚል ነበር። አሁን ግን ማን ይመጣል? ሁለተኛ ሞተችብኝ ተብሎ ለማን ይነገራል? ለልጃቸው እንኳ ቢደውሉ ግፊታቸውን ነው የምትጠይቃቸው። ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ፣ ጃኬታቸውን እንደለበሱ፣ በዓለም ላይ ከእሳቸው የበለጠ ብቻውን የቀረ ሰው ያለ አልመሰላቸውም።

ጥበቃው መጣ። "አባት፣ የምሳ ሰዓት ነው። ከሰዓት ይመለሱ።"

"ግድ የለም" አሉ በደከመ ድምፅ፤ "ትንሽ ልጠብቅ።"

ካርቶን አቅፋ በአጠገባቸው ታልፍ የነበረች ሴት ድንገት ቆመች። ዞር ብላ አየቻቸው።

"ጋሽ ልጠብቅ!" አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ ይቅርታ! ማለቴ… እርስዎ ነዎት አይደል? ጠዋት ጠዋት የሚደውሉት? በድምፅዎ ነው ያወቅኩዎት። እኔ እኮ ነኝ የማነሣው። አነሣ የነበርኩት፤ አሁን በማሽን ተክተውን ሒሳብ ክፍል መድበውኛል፤ ዕቃዬን እያጋዝኩ ነው።" ያቺ ቀልጣፋዋ ናት። ካርቶኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። "እንደው አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ስንከራከርበት ነው የኖርነው። ቅሬታዎ ግን ምን ነበር?"

"ሙዚቃው" አሉ።

"አስጠልቶዎት?"

"የለም። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ሴትየዋ አፍጥጣ አየቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ። "ያንን? አባቴ፣ እርስዎ ነዎት ለካ ጉድ ያደረጉኝ! በአንድ ጆሮዬ ደንበኛ ሲሳደብ፣ በሌላው የእርስዎ ሙዚቃ እኮ ነው ስንት ዘመን የሠራሁት። መጀመሪያ ጠልቼው ነበር፤ አይቀየሙኝና። በኋላ ቤቴም ተከተለኝ። ዕቃ ሳጥብ እሱን ነው፣ ስጠርግ እሱን ነው። ልጄ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።"

ጋሽ ልጠብቅ ቀና አሉ። "ታውቂዋለሽ? ሙሉውን?"

"ብረሳው ነው የሚገርመው!"

"እስቲ" አሉ።

ሴትየዋ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች። ጥበቃው ወደ በሩ ሄዷል። ትንሽ አፈረችና፣ ከአጠገባቸው ተቀምጣ፣ አፏን ገጥማ ማንጎራጎር ጀመረች። ቅኝቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋዋለች፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይም ሳተች። ጋሽ ልጠብቅ የሙያ ነገር ሆኖባቸው ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉ፤ ጣቶቻቸው ግን ሳያዟቸው ጉልበታቸው ላይ ተነሥተው ተከተሏት። ደረጃው ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሴትየዋ ዝም አለች። ከዚያ ትከሻዋ ከፍ አለና ተነፈሰች፤ ከጀርባ የሚሰበሰብ፣ ረዘም ያለ፣ መጨረሻው ላይ በጥቂቱ የሚያዝ ትንፋሽ። ክላርኔቱም ገባ።

ጋሽ ልጠብቅ ክው አሉ።

"ቆይ" አሉ። "ቆይ ልጄ።"

"ተሳሳትኩ?"

"ከመግባትሽ በፊት… ምንድን ነው ያደረግሽው?"

ሴትየዋ ግራ ገባት። አሰበችበት። "ትንፋሹን ነው የሚሉኝ? እንዴ! ሙዚቃው ላይ አለ እኮ! እሱማ እንዴት ይዘለላል? ልጄ እንኳ ሳልተነፍስ ከገባሁ 'ዘለልሽ' ብላ እንደገና ታስጀምረኛለች።"

እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩ። የማያውቋት ሕፃን፣ የማያውቁት ቤት ውስጥ፣ አለቃቸው ካልተነፈሰች አልተኛም ትላለች።

"ምነው አባቴ? ምን አልኩ?"

"ምንም አላልሽ" አሉ። "የምትነፋው ሰው ናት።"

"ያውቋታል?"

"አውቃታለሁ።"

ሴትየዋ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ እጃቸውን ብቻ ያዝ አደረገች። ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ሰው በቁጣ "ዕቃሽን አታስገቢም እንዴ? ልንዘጋ ነው!" ብሎ ጠራት። ብድግ ብላ ካርቶኗን አቀፈች።

"ይህን አድርሼ ልምጣ። ከዚያ ምሳ ሰዓቴ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንጎራጉርልዎታለሁ። ይጠብቁኛል?"

ጋሽ ልጠብቅ ጃኬታቸውን አስተካከሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ከደረጃው ታች አስቀመጡ።

"ግድ የለም" አሉ። "ልጠብቅ።"